አንድ እፍኝ ከሰል

ሐጂራ ሰባ ዓመት ስትኖር መስፈሪያ ጨብጣ አታውቅም። ጨውም ይሁን በርበሬ፣ እጇ ይበቃታል። ስለዚህ ልጇ ሀቢቡላህ የከሰል ዱቄት በወርቅ ሚዛን ሲመዝን ባየች ቁጥር ትስቅበታለች።

ሀቢቡላህ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ የሞተ የመኪና ባትሪ ያድሳል። ይከፍተዋል፣ ከእርሳስ ብረት ዱቄት የሚሠራውን ሊጥ አቡክቶ በውስጡ ያሉት ሰሌዳዎች ላይ መልሶ ይለስናል። ሊጡ ላይ ካርቦን ጣል ከተደረገበት ባትሪው ቶሎ ይሞላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል ብለውት፣ የቡና ገለባ አክስሎ እናቱን ያስወቅጣታል።

«አዮ፣ ከዚህች ቁንጥር አይለፍ። ካለፈ ጉድ ነው» ይላታል እናቱን።

«አንተን ስወልድህ በምን መዝኜህ ነው?»

አንድ ቀን ሀቢቡላህ አሲድ ሊገዛ እንደወጣ፣ ከሰርቦ ቡና የሚያመላልሰው ሹፌር አብራር በሩ ላይ ቆመ።

«አደ ሐጂራ፣ ባትሪዬ ነገ ካልደረሰ ቡናው እዚያው መበስበሱ ነው። ደግሞ ደህና አድርጎ ይሥራልኝ፣ አደራዎን!»

«ወሬኛ! የኔ ልጅ ደህና ያልሠራው መቼ ነው?»

እሱን አባርራ ገባች። ጠዋት ለአብራር ባትሪ የተቦካውን ሊጥ አየችው፤ ገረጣባት። ቁንጥር ይህን ያህል ከጠቀመ እፍኝማ ምን ያደርግ ይሆን አለችና አንድ እፍኝ ከሰል ሞጅራ አማሰለችው።

ሀቢቡላህ ተመልሶ «ጠቆር አላለም?» ሲል «ደመናው ነው» አለችው።

በማግስቱ ዝናብ ስለነበር የቻርጁን ክፍል መስኮት ዘጋ። ሌሎቹ ባትሪዎች ሲስ ሲሉ፣ የአብራር ብቻ ከሰሉ በዝቶበት እንደ ድስት ተንተከተከ። ሐጂራ ከውጭ ሰማችው። ተጠንቀቅ ብትለው ለምን ሊላት፣ የእፍኙም ነገር ሊወጣ ነው። ሳትነግረው ወደ ማድቤት ገባች። ሀቢቡላህ ሽቦውን መንጭቆ ሲያላቅቅ ብልጭ አለ፤ በተዘጋው ክፍል የታመቀው የባትሪ ጋዝ ፈነዳ፣ አሲዱ ፊቱ ላይ ተረጨ።

ሐኪሙ አልሸፋፈነላትም፤ ቀኝ ዓይኑ ጠፍቷል፣ የግራው ገና አይታወቅም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሀቢቡላህ ፊቱ እንደተጠቀለለ፣ እጇን ይዞ። «ሚዛኔ ተሳሳተ። ከእንግዲህ ባትሪ አልነካም።»

ሌላ እናት ብትሆን አልቅሳ ታልፈው ነበር።

«ሚዛንህ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ፣ አንድ እፍኝ የጨመርኩት።»



«ሲፈላ ሰምተሽው ነበር?»

«ሰምቼዋለሁ።»

እጁን ከእጇ አወጣና ወደ ግድግዳው ዞረ።