ፍርድ ቤት ያጠበችው ግድግዳ

ካፖርቱ ከሚስማሩ ላይ የለም። ባልየው ታላቅ ወንድሙን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኝቶ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ይህንኑ ነበር። ካፖርቱ በሥርዓት ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ተሰቅሎበት የነበረው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እርጥብ ነው፤ ሳሎኑ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ከግድግዳው ሥር የተንበረከከችው ሴት ጨርቋን ባልዲው ውስጥ ጨመቀችና ወደ እሱ ዞረች።

«ደረሱ ጋሼ? ሰው መምጣት ሳይጀምር ልጨርስ ብዬ ነው።»

እሱ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሚስቱ በሞተችበት ሌሊት በእርሳስ የጻፈችው የመጨረሻ ነገር እዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከካፖርቱ ሥር ነበር። እሱ ደግሞ አላነበበውም።

ግድግዳውን ያጠበችውን ሴት ሁሉም ሰው «ፍርድ ቤት» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣችላት ሟች ናት። ሟች የሰባት የመንግሥት ሕንፃዎች የጽዳትና የጥገና ሠራተኞች ተቆጣጣሪ ነበረች። በሥሯ ሠላሳ ሁለት ሰው ነበር፤ ሁሉንም የምትጠራቸው በሚሠሩበት ሕንፃ ነው። ራት ላይ «ፍርድ ቤት እግሯን አሟታል»፣ «ቤተ መጻሕፍት ሚስቱ ወለደችለት»፣ «ክሊኒክና ማዘጋጃ ቤት ተኳርፈዋል» እያለች ስታወራ እንግዳ ቢሰማት ጤንነቷን ይጠራጠር ነበር። ባሏን ግን አልገረመውም። አርባ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ እሱም ተሳፋሪውን የሚያውቀው በሚወርድበት ማቆሚያ ነበር።

ሕመሙ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምጿ ሄዶ ቀረ። ሰው ሲገባና ሲወጣ እንድታይ አልጋዋን ሳሎን አወጡላት። መጀመሪያ ሰሞን በደብተር ትጽፍ ነበር፤ ደብተሩ ከአልጋው እየተንሸራተተ ሲያስቸግራት አንድ ቀን እርሳሱን አነሳችና ግድግዳው ላይ «ሾርባው ጨው የለውም» ብላ ጻፈች። ባልየው ሳቅ አመለጠው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚጽፉትን ስታሳድድ የኖረች ሴት! «አሁን አንቺን ማን ሊከስሽ ነው?» አላት። እሷም ከሥሩ «ማን ይደፍራል» ብላ ጨመረችበት።

በአራት ወር ውስጥ ግድግዳው እጇ እስከሚደርስበት ድረስ ሞላ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የሐዘን ቀናት ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሻዩን ይዞ እየቆመ ሲያነብ ነበር። «መስኮቱን ክፈት»፣ «ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው»፣ «የሦስተኛ ፎቅ አምፑል ተቀየረ ወይ»። የመጨረሻዋን ያነበበው የመብራት ሠራተኛ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ወጣ። አምፑሉን የቀየረው ከቀብር በኋላ ነበር።

ካፖርቱን ግን ማንም አላነሳም። የሐዘንተኛ ልብስ ማን ይነካል!

ያን ሌሊት ባልየው ለሦስተኛ ቀን እንቅልፍ ሳይነካው አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ዐይኑን ጨፈን ያደረገ መስሎት ነበር፤ ሲነቃ ነግቷል። የሚስቱ እጅ ከአልጋው ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ እርሳሱ ወለሉ ላይ ወድቋል። ፍራሹ አጠገብ፣ ግድግዳው ሥር፣ ማታ ያልነበረ አዲስ ጽሑፍ አለ። መነጽሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። አላወጣውም። እህቱን ሊጠራ ወደ ጎረቤት ሮጠ፤ ሲመለስ ያን አሮጌ የሹፌርነት ካፖርቱን አምጥቶ ጽሑፉ ላይ ሰቀለበት።

«ተነስ» የሚል ቢሆንስ? «ውሃ» የሚል ቢሆንስ? ድምፅ የሌላት ሴት ናት፤ ብትጠራውም የምትጠራው በእርሳስ ነው፤ የሚያንቀላፋ ሰው ደግሞ እርሳስ አይሰማም። ይህን ካሰበ ወዲህ ጎኑን አላሳረፈም። እህቱ መኝታ ቤት አንጥፋ ብትለምነው «የተኛሁት ይበቃኛል» ብሎ አፏን ያስይዛታል። ሐዘኑ ሲያልቅ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ብቻውን ሊያነበው ወስኖ ነበር። አሁን የሚነበብ ነገር የለም፤ ሰፊ ንጹሕ ግድግዳ ብቻ።

ፍርድ ቤት ባልዲዋን ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ ሊጠራት አፉን ከፈተና ተወው። አንብባው እንደሆነ ብጠይቃትስ? አዎ ብትለኝስ? አለማወቁን ጠላው፤ ማወቁንም ፈራው። በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳና ለቅሶ ደራሾች መግባት ጀመሩ።

መሥሪያ ቤቶቹ ስለማይዘጉ የሟች ሠራተኞች የሚመጡት በፈረቃ ነው። ከሰዓት በኋላ የጧት ተረኞቹ የሥራ ልብሳቸውን በከረጢት ይዘው መጡና ተራ በተራ «ያጽናዎት» እያሉ ተቀመጡ። የቧንቧ ሠራተኛው ሻይ ተሰጥቶት ሁለት ጊዜ ፉት ካለ በኋላ መቁነጥነጥ ጀመረ። ጓዳ ውስጥ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሰምቷል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ለትንሽ ጊዜ ራሱን ያዘ፤ አልሆነለትም። ተነስቶ ገባ፤ ሲመለስ እጁን እየጠረገ «አለቃ ቢኖሩ አያስቀምጡኝም ነበር» አለ። እህትየው ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ከዚያ ወሬው ወደ ሟች ዞረ። አንዲት ወጣት ጽዳት ሠራተኛ ያቺን የእርጥብ ወለል ነገር አነሳች። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት የመዝገብ ቤቱን ኮሪደር ወልውላ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ሳታቆም ሄደች፤ አንድ ጸሐፊ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ኃላፊዎቹ ልጅቷ ትባረር አሉ። ተቆጣጣሪዋ ለሰባት ሕንፃ ያሉት የማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎች ሦስት ብቻ መሆናቸውን፣ ልጅቷንም በቅጡ ሳታሠለጥን ያሰማራቻት ራሷ መሆኗን ጠቅሳ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ደብዳቤ አስገባች፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያውንም ራሷ ተቀበለች። ልጅቷ ተረፍኩ ብላ ስትመጣ ግን ቢጫውን ሰሌዳ አስጨበጠቻትና ለአንድ ወር ከእጇ እንዳይለይ አዘዘች። ምሳ ስትበላ እንኳ አጠገቧ ታቆመው ነበር። «ሰዉ ሁሉ እየዞረኝ ነበር የሚያልፈው» አለች ልጅቷ፤ ሳቀችና ወዲያው እንባዋ መጣ።

ባልየው እየሰማ ነው፤ ሐሳቡ ግን ሌላ ዘመን ሄዷል። አንድ የዕረፍት ቀኑን ሚስቱ ወደ ፍርድ ቤቱ ሕንፃ ይዛው ሄዳ ኮሪደሩ ላይ፣ ባለጉዳዮች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀምጣው ነበር። ምን ይታይሃል አለችው። ምንም፤ በር አላት። ዝቅ ብለህ እይ አለችው። ከበሩ ሥር ጫማ የመታው ጥቁር መስመር ነበር፤ ከወንበሩ ትይዩ ደግሞ የተላጠ ቀለም። ቆሞ የሚያልፍ ሰው አያየውም። «ልጁ ሊፈረድበት የሚጠብቅ ሰው ግን እዚህ ተቀምጦ ሦስት ሰዓት የሚያየው ይሄን ነው» አለችው፤ «ቢያንስ ንጹሕ ነገር ይይ»። ሌሎች ተቆጣጣሪዎች በጣታቸው መስኮት እየጠረጉ አቧራ ይፈልጋሉ፤ እሷ የምትቆጣጠረው ቁጭ ብላ ነበር። በየሕንፃው የባለጉዳይ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለምትውል አዲስ ዘበኛ አንዴ ተራዋ እንደደረሰ ሊነግራት መጥቶ ነበር። ባልየው ያን ቀን በሚስቱ ኮርቶ ነበር፤ ሳይነግራት ቀረ። የማይነገር ነገር አልነበረም፤ ነገ አለ ብሎ ነው።

ተረኞቹ ሲወጡ ቤቱ ጸጥ አለ። እህትየው ብርጭቆ ልታጥብ ገባች። ፍርድ ቤት ወንበሮቹን ልታስተካክል ስትመጣ ባልየው በእጁ አግዳሚውን መታ መታ አደረገላት። ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

«ከካፖርቱ ሥር ያለውንም አጠብሽው?»

«እሱን መጨረሻ ላይ ነው ያጠብኩት።» ፊቱን አየችና ደነገጠች። «ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«አንብበሽው ነበር?»

«አዎ፤ ያን ጧት። ለእኔ እኮ ነው የተጻፈው፤ እርስዎ አላነበቡትም?»

ባልየው ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ለእሷ? ፍርድ ቤት ሕመምተኛዋን አገላብጣ ልታጥብ በየቀኑ ጎህ ሲቀድ፣ ሥራ ሳትገባ ትመጣ እንደነበር ያውቃል። ያን ጧት እሱ ወደ ጎረቤት በሮጠባት ቅጽበት ደርሳ ዐይኗን የከደነችላትም እሷ ናት። ቢሆንም የሚስቱ የመጨረሻ ቃል ለሌላ ሰው መሆኑን ሲሰማ ቅር አለው፤ በዚህ ሁሉ ፍርሃት መካከል ቀናባት። ፍርድ ቤት ይህ አልታያትም፤ መሐረቧን እያፍተለተለች ቀጠለች።

«ግድግዳውን እጠቢ ብለው አዘውኝ ነው። በነጋታው ላጥበው አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ያዘዙኝን አንድም ቀን አሳድሬ አላውቅም፤ ይሄን ሁለት ቀን አሳደርኩት።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ…» ወደ ጓዳው አየች። «ስለ እርስዎም አለ። ግን እንዲህ ባለ ቀን የሚነገር አይደለም።»

ባልየው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። የፈራው መጣ። መንገድ ላይ ሰው ዘሎ ሲገባበት ፍሬን ረግጦ የሚጠብቃት ያቺ አንዲት ቅጽበት ነበረች፤ አርባ ዓመት ነድቶ አንዴ ብቻ ደርሳበታለች፤ አሁን ሁለተኛዋ ናት።

«አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

ፍርድ ቤት ዐይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። አለቃዋ ፊት የተሰጣትን ትእዛዝ በቃሏ ስትደግም እንደኖረችው፣ በአንድ ድምፅ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ አለችው፦

«‹ፍርድ ቤት፤ ሰው ሊበዛ ነው፤ ግድግዳውን እጠቢ። በረኪና እንዳይነካው፣ ቀለሙን ይበላዋል። ሰውዬውን አትቀስቅሺው። አላንኮራፋም ይላል፤ ይኸው እየሰማሁት ነው።›»

ባልየው መጀመሪያ አልገባውም። ቀስ እያለ ነው የገባው። የሚያጽናና ነገር ፈጥራ ብትነግረው ኖሮ ያውቅባት ነበር፤ ሊያጽናና የሚዋሽ ሰው ደግ ደግ ቃል ይደረድራል እንጂ በረኪና አያነሳም። ማንኮራፋቱን ደግሞ ፍርድ ቤት ከየት ታመጣዋለች? የእሱና የሚስቱ ክርክር ነበር፤ ከተጋቡ ጀምሮ በየጧቱ ስታንኮራፋ አደርክ፣ አላንኮራፋሁም ሲባባሉ ኖረው ከመኝታ ቤታቸው ያልወጣ ክርክር። እንግዲህ አልጠራችውም። ውሃም አልፈለገችም። ነቅታ፣ እርሳሷን ይዛ፣ እሱ ሲያንኮራፋ እየሰማች ነበር፤ ይተኛ ብላለች።

ሳቀ። ሳቁ አላልቅ አለውና ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ድምፅ አውጥቶ ሲያለቅስ ይህ የመጀመሪያው ነው። እህቱ ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ከጓዳ ወጥታ ቆመች። ፍርድ ቤት የተናገረችው ጥፋት መስሏት «ይቅር ይበሉኝ» እያለች ትከሻውን ያዘችው። እሱ እጇን እዚያው ትከሻው ላይ በመዳፉ ሸፍኖ ያዘው።

«ደግ አደረግሽ» አላት ትንፋሹ ሲመለስ። «ደግ አድርገሽ አጠብሽው።»

ከዚያ ወደ ኋላ ተለጠጠና ራሱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ግድግዳው ገና ቀዝቃዛ ነበር። እህቱ ሻይ ላምጣልህ ወይ ስትለው እጆቹ ከጉልበቱ ላይ ተንሸራተው አጠገቡ ወደቁ።

የቤተ መጻሕፍቱ ተረኞች አራት ሆነው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ ሳሎኑ ውስጥ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። እህትየው በሐፍረት «አንተ፣ ሰው መጣ» ልትለው ጎንበስ ስትል ፍርድ ቤት ክንዷን ያዘቻት። ለቆሙት እንግዶች ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ከእሱ ትይዩ ያለውን ባዶ አግዳሚ አሳየቻቸው። እነሱም በእግራቸው ጣት እየረገጡ ገብተው ተደርድረው ተቀመጡና ሰውዬው ሲያንኮራፋ ያዳምጡ ጀመር።