የማክሰኞው የልብ ምት

ወጌሻው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዱ ይዞት የኖረው ጭውውት ግማሹ ጠፍቷል። ያኔ እሱም ሯጭ ነበር። በመጋረጃ በተከፈለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በደረቱ ተኝቶ፣ ፊቱን ፎጣ ላይ ደፍቶ እግሩን እስኪያሹለት ሲጠብቅ፣ ከመጋረጃው ማዶ አሰልጣኙና ነርሷ ድምፃቸውን ቀንሰው ሲነጋገሩ ሰማ።

«ትኩሳቱ እኮ ገና አልለቀቀውም» አለች ነርሷ።

አሰልጣኙ አንድ ነገር መለሰ። ያ የለም፤ ከጆሮው ወጥቶ ሄዷል። የቀረው ተከታዩ ነው።

«ቢጠላኝ ይጥላኝ። እኔ የፈለግኩት ልቡ እንዲተርፍልኝ ነው።»

ከዚያ ወንበር ተጎተተ። ነርሷ ሳቀች ወይስ አሳላት? እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለም።

በማግስቱ ስሙ ከውድድሩ ተሰረዘ። በጆሮው የሰማውን ሰምቶ እንኳ አልተጽናናም፤ ልጅ ነዋ። ሰውየውን ከሩቅ ሲያይ መንገድ እየቀየረ ሁለት ዓመት አኮረፈ። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ጉንፋን ተይዞ፣ ትኩሳቱን ደብቆ የሮጠው የመኝታ ክፍል ጓደኛው ግን ልቡ ተጎድቶ ዛሬም ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ብረቱን ይዞ ያርፋል። ወጌሻው ሊጠይቀው በሄደ ቁጥር ሦስቱን ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ይወጣና በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ድምፅ ሳያወጣ «ተመስገን» ይላል። አሁን አሁን ጉልበቱ ቢንቋቋም እንኳ ትንፋሹ አላሳፈረውም።

ዛሬ የሚሠራበት ካምፕ ተራራ ጫፍ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። አዲስ የመጣ ሰው የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ያለከልካል። ሯጮች ይህን ያህል ሽቅብ የሚመጡትም ለዚሁ ነው፤ ሰውነት በጥቂት አየር መሥራት ሲለምድ ደሙ ይበረታል፤ ታች ሲወርዱ እግራቸው የሌላ ሰው እስኪመስላቸው ይቀላቸዋል። ተራራው ግን ችኩል አይወድም። የካምፑ አሰልጣኝ ይህን ስለምታውቅ የሁሉንም የእጅ ሰዓት ሰብስባ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ትቆልፍባቸዋለች።

«ሰዓት የያዘ ሯጭ ታች የሮጠውን እዚህም ካልደገምኩ ብሎ ራሱን ይፈጃል» ትላለች። «በትንፋሻችሁ ሩጡ። እየሮጣችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።»

በምትኩ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ አንዳንድ ሰዓት ተሰቅሏል። ጠዋት የነቃ ሯጭ እግሩ መሬት ሳይነካ ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ አሳርፎ የልቡን ምት አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጥራል፤ ቁጥሩን በክፍሉ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጽፋል። ከወትሮው ከፍ ካለ ደክሟል ወይም ታሟል ማለት ነው፤ ያን ቀን አይሮጥም። ሯጮቹ ግቢ ውስጥ ሲያሟሙቁ ወረቀቶቹን እየዞረ የሚያየው ወጌሻው ነው።

ማክሰኞ ወደ ከተማ ወርዶ ስለነበር አላያቸውም፤ ረቡዕ ጠዋት የመጨረሻው ክፍል ሲደርስ ቆመ። በሩ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ሳቂታዋ የሚሏት ልጅ ወረቀት ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ቁጥር የለበትም፤ በምትኩ «ሰዓቱ ሞቷል፤ ነፍስ ይማር» ተብሎ ተጽፎበታል። ወጌሻው ፈገግ አለ። ዓይኑን ወደ ግድግዳው ሲልክ እውነትም ሰዓቱ ቀጥ ብሏል። ባትሪው አልቋል።

ሁለተኛው ወረቀት የሽቦ ነው። ቀጭን ስለሆነችና ቢያጎብጧት ስለማትሰበር ካምፑ ያወጣላት ስም ነው። ሰኞ፦ አርባ አራት። ማክሰኞ፦ አርባ አራት። ረቡዕ፦ አርባ አራት።

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። በምን ቆጠረችው?

ወደ ግቢው ብቅ ሲል ሯጮቹ ወጥተዋል። የዕለቱ ሩጫ ቀስ ያለ እንደሆነ ሲያስታውስ ትንፋሹ መለስ አለ። ባትሪ አምጥቶ ቀየረ፤ ሰዓቱ መሄድ ሲጀምር ወንበሩ ላይ እንደቆመ ትንሽ አዳመጠው።

ከምሳ በኋላ ሽቦ መታሻው አልጋ ላይ ወጣች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ባቴን ጠበቅ አርገው ይሹልኝ። ድንጋይ ሆኗል።»

«መጀመሪያ ዘይቱ ይሙቅ። ተኚ።»

«የሚሞቀው ዘይቱ ነው ወይስ እርስዎ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋን ሳል ቆረጠው።

ዘይቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ያን ያህል የሚፈጅ ዘይት የለም። ልጅቷ በደንብ ማረፏን ሲያይ ቁርጭምጭሚቷ አጠገብ ባለችው ደም ሥር ላይ መሃል ጣቱን አሳረፈና የራሱን የእጅ ሰዓት እያየ ቆጠረ። አንዴ ጨርሶ እንደገና ቆጠረ። ስድሳ ሦስት።

«የክፍላችሁን ሰዓት ባትሪ ቀየርኩላችሁ» አላት፤ ባቷን ማሸት ጀምሮ።

«ባትሪው ምን ሆነ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ቆሞ ነበር።»

ባቷ ከእጁ ሥር ተቋጠረ። ወጌሻውን እንዲህ ያለ መልስ ማንበብ ማንም አላስተማረውም፤ ለዓመታት ዝም ብሎ በማዳመጥ ያገኘው ነው።

ሽቦ ተነስታ ተቀመጠች። «ለኮች ነገሯት?»

«አልነገርኩም።»

«በፈጠረዎት አይንገሩብኝ! ቅዳሜ የውጭ አገሩ ውድድር ማጣሪያ ነው። የሚያልፈው ሦስት ሰው ነው። አምና አራተኛ ወጣሁ፤ በአንድ እርምጃ! እናቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዘንድሮ ታልፋለች ብላ የምሄድበትን ካፖርት ሰፍታ ጨርሳለች። አገሩ ብርድ ነው አሉ ብላ ውስጡን ድርብ አርጋዋለች። ሱቋ የገባ ደንበኛ ሁሉ እየለካው ነው።»

«ልክሽ ነው?»

«ምኑ?»

«ካፖርቱ።»

«ትንሽ ይሰፋኛል» አለች፤ ሳትወድ ፈገግ ብላ።

«እንግዲያው ተኝተሽ ብትወፍሪም አይጠብሽም።»

«ይቀልዳሉ እርስዎ። ጉንፋን እኮ ነው። ላብ ያወጣዋል።»

«ደረትሽን ይወጋሻል?»

እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። «ሽቅብ ስሮጥ ብቻ» አለች።

ወጌሻው እጁን በፎጣው ጠረገ። ምክር ሊሰጣት ይችል ነበር፤ ምክር ግን ከአሰልጣኟም ከእናቷም ጠግባለች። ስለዚህ የመጋረጃውን ነገር ነገራት። የተረፈውን ብቻ፤ የጠፋውን ከራሱ ሊሞላ አልሞከረም። የጓደኛውንም ነገራት፤ የደረጃውን ብረት አያያዝ በእጁ አሳያት።

ሽቦ ጉልበቷን አቅፋ ሰማችው።

«ሰውየውን አመሰገኗቸው?» አለች።

«በአሥራ አንደኛው ዓመት። ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ያን ቀን ስለሰረዙኝ እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«የትኛው ቀን አሉኝ። ረስተውታል፣ ልጄ! እኔ ዕድሜ ልኬን የማመሰግንበት ቀን ለእሳቸው ተራ የሥራ ቀን ነበር። ከዚያ ለመሆኑ ጠልተኸኝ ነበር ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ዓመት አልኳቸው። ሁለት ዓመት ብቻ? በቀላሉ ለቀኸኛላ! ብለው እየሳቁ ታክሲው ውስጥ ገቡ።»

ሽቦ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ስንት ነው? አሁን የቆጠሩት?»

«ስድሳ ሦስት።»

«ሰኞ ስድሳ ነበር፤ የወትሮዬን አርባ አራት ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ መቁጠር ፈራሁ። ሳቂታዋ ሳትነቃ በጭለማ ተነስቼ ወረቀቱ ላይ ያንኑ አርባ አራት መገልበጥ ሆነ ሥራዬ። ሰዓቱንም የእሷንም ወረቀት ቀና ብዬ አላየሁም።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ቅዳሜ ካልሮጥኩ ሌላ ዕድል አለኝ?»

«አላውቅም። አልዋሽሽም።»

ለወጌሻው አሰልጣኟ ዘንድ መሄድ የሃያ እርምጃ ነገር ነው፤ ካስፈለገም ዛሬውኑ ይሄዳል፤ ቆርጧል። ግን ልጅቷ በገዛ አፏ ብትለው ኋላ የምትጠላው ሰው አይኖርም። በሆዱ አንዲት አጭር ጸሎት አለና ዘይቱን መክደን ጀመረ።

«አምስት ቀን ልተኛ» አለች ሽቦ።

«ሐኪሙ ያለውን ያህል።»

«እሺ ስድስት።»

«ገበያ ወጣን እንዴ?»

«ሰባት፤ የመጨረሻ ዋጋዬ ነው!»

«አንቺ ልጅ፣ ከሐኪሙ ጋር ተከራከሪ። እኔ ዘይት ነው የማሞቀው።»

ከአልጋው ወረደች። ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ብላ ቀና ስትል አለከለከች፤ ማለክለኳን ሁለቱም ሰሙት። የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ነው የማመሰግንዎት» አለች። «አሁን ተናድጃለሁ።»

«አሥራ አንድም ቢሆን እጠብቃለሁ።»

በሩ ጋ ደርሳ ዞረች።

«እስክሪብቶዎን ያውሱኝ፤ ወረቀቱን ላስተካክል። ለኮች እኔው ራሴ እነግራታለሁ፤ እርስዎ አይምጡ። አሥር ሰዓት ላይ በሚወርደው መኪና እሄዳለሁ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ያየኛል። ከዚያ ሐኪሙ ተነሺ እስኪለኝ፣ ሰባት ይሁን ሰባ፣ እናቴ ቤት እተኛለሁ።»