የቤዙ ዳኛ

ዲጄው ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ ውስጥ ባለ የምድር ቤት ጭፈራ ላይ የሚለቀውን ሙዚቃ የሚሠራው መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነው። ቤዙን፣ ያንን ወለል የሚያርገበግበውን ወፍራም ድምፅ፣ የሚመዝኑለት ደግሞ ከሥር ባለው ቤት የሚኖሩት ባልቴት ናቸው፤ «ዳኛዋ» ይላቸዋል። ከበሮውን ቆራርጦ ቤዙን ሲለቀው ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እንጨት ከደበደቡ፣ በቃ፣ ሥራው ደርሷል። ደረጃ ላይ ሲገናኙ «አንተ ልጅ፣ ዕድሜዬን አሳጠርከው» ይሉታል፤ እሱም እየሳቀ ዘንቢላቸውን ይሸከምላቸዋል።

ማታ ሊያወጣው ያሰበውን አዲስ ሥራ ሌሊቱን በጆሮ ማዳመጫ ሲሠራ አድሮ ጠዋት በድምፅ ማጉያ ከፈተው። ከታች የመጥረጊያው ምት የለም። ቤዙን ጨመረ፤ አሁንም ጭጭ። «ውሃ ውሃ ይላል ማለት ነው» ብሎ ተናደደና መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ለቀቀው።

በሩ ተንኳኳ። የዳኛዋ ልጅ ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«ወንድሜ፣ እባክህ ዝጋልን። እማዬ ሌሊት አረፈች። አልቅሰን እንኳ ሊወጣልን አልቻለም።»

ተንደርድሮ ዘጋው። ያኔ የታችኛው ቤት ልቅሶ፣ የእያንዳንዱ ሰው ሲቃ ሳይቀር፣ ከእግሩ ሥር ጥርት ብሎ ተሰማው። ለካ ወለሉ ይህን ያህል ስስ ኖሯል። ለካ ዳኛዋ ያንኳኩ የነበረው ትዕግሥታቸው ሲያልቅ ብቻ ነው።