«አይደለም» የሚለው ፎልደር

ነገር ተዘበራርቆ ካየሁ አያስችለኝም፤ እጄን ይበላኛል። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ሌላ ምን ትሆናለች? ጉድ የሠራኝም ይኸው አመሌ ነው።

ታናሼ ቀጮ በጀልባ ባሕር ሊሻገር ከሄደ ሦስት ዓመቱ። ድምፁ ጠፋ። ከባሕር በወጡ አስከሬኖች ላይ የተገኘ ልብስ ፎቶ የሚለጠፍበት ድረ ገጽ አለ፤ አባዬ በየቀኑ እሱ ላይ ተጥዶ ይውላል። አዲስ ገጽ ሲወጣ ከአድራሻው ጎን ያለችውን የማስቀመጫ ኮከብ ነክቶ «ይታይ» የሚል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ አገላብጦ ካየው በኋላ «አይደለም» ወደሚለው ያዛውረዋል። እማዬ ከኋላው ቆማ «እህሳ?» ትላለች። «አይደለም» ይላታል። «ተመስገን!» ትልና የቀጮን አልጋ ልታነጥፍ ትሄዳለች። በየቀኑ፣ ማንም ያልተኛበትን አልጋ!

ዘንድሮ የአባዬን ዓይን ሞራ ጋረደው። ሦስት መቶ ምናምን ገጽ ያለ ቅደም ተከተል ተከምሮ ሳይ ተናደድኩ።

«ኧረ አባዬ፣ ይሄ ፎልደር ነው ወይስ የቆሻሻ ገንዳ? ላስተካክልልህ።»

«‹ይታይ›ን አስተካክዪ። ‹አይደለም›ን አትንኪ።»

«ለምን?»

«አትንኪ አልኩሽ እኮ!»

ልብስ ሰፊ ስለ ኮምፒዩተር ምን ያውቃል ብዬ ናቅሁት። ዓይኑን ሊታይ በሄደበት ጠዋት ሁለቱንም በዓመት በዓመት፣ በወር በወር ደረደርኩና እማዬ ስልክ ላይ ጫንኩላት። ፊደል ባትቆጥርም ፎቶ ታያለች። አንዱንም ገጽ ከፍቼ አላየሁም። መዝገብ ቤት የምናነበው የፋይሉን ሽፋን ነው፤ ውስጡ የባለጉዳዩ ነው።

«ከእንግዲህ አንቺ ትፈልጊያለሽ፤ ይሄኛው ያለቀለት ነው፣ እለፊው» አልኳት «አይደለም»ን በጣቴ እያሳየሁ። ደስ ብሏት ስልኩን ይዛ የቀጮ ክፍል ገባች።

አባዬ ተመልሶ ስነግረው ከዘራው ከእጁ ወደቀ።

«የትኛውን ጫንሽላት?»

«ሁለቱንም።»

«ወይኔ ልጄ! ምን አደረግሽኝ?»

ኮምፒዩተሩን አስከፈተኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ገጽ ነው፤ ቀኑን በቃሉ ያውቀዋል። ሰማያዊ ሸሚዝ። ክርኑ ላይ እራፊ ተጥፎበታል፤ ሰማያዊ ክር ስላለቀበት በአረንጓዴ፣ ዳር ዳሩን ሁለት ጊዜ የተሰፋ። አባዬ ለቀጮ ሲጥፍለት መርፌውን ያቀበልኩት እኔው ነኝ። ቁጭ አልኩ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ምን ልበላት? አይደለም ስላት እህል ትቀምሳለች፣ ትስቃለች። ነው ያልኳት ቀን…»

ሳይጨርስ የቀጮ ክፍል ተከፈተ። እማዬ ስልኩን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም። ምነው ባለቀሰች!

«አርባ ዓመት የሰፋህልኝን ለብሼ እጅህ የሚጠፋኝ መሰለህ?» አለችው። «እሺ፣ ልጄስ ሞተ። አንተ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋውን ሳነጥፍ ቁጭ ብለህ አየኸኝ?»

አባዬ ግድግዳውን ተደገፈ። እሷም ተመልሳ ገባችና አንሶላውን መግፈፍ ጀመረች።