የዴሾን እናት ድምፅ

ቨርዴል ማብሪ የማርሎው ከተማ የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ናት። ጠዋት ልጆቹን ካደረሰች በኋላ እስከ መውጫ ሰዓታቸው ቤቷ ገብታ ታርፋለች። የዚያን የግንቦት ቀንም ምሳዋን በልታ ሳህን እያጠበች፣ ከሰዓት ይዘንብ እንደሆነ ለመስማት ቴሌቪዥኑን ከፍታ ነበር። ከዝናቡ ወሬ በፊት ግን የልጇ የዴሾን ፎቶ ብቅ አለ። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ዕለት የተነሳው ነው፤ ካባውን ደርቦ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ የሳቀበት።

«ይህን ወጣት የገደለው ሰው በድርድር ቀላል ቅጣት ተፈረደበት» አለ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ። «የተደራደሩለት ዋና ዓቃቤ ሕጋችን ኦሪን ጋስኪል ናቸው። የሟቹን እናት እንኳን አልጠየቋትም። ይበቃል! ለዋና ዓቃቤ ሕግነት ሬጂና ክራውዝን ይምረጡ!»

ቨርዴል የታጠበውን ሳህን አንስታ እንደገና አጠበችው።

ስልኳ ወዲያው ጮኸ። ታላቅ ወንድሟ ሉሺየስ ነበር።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ልጃችን እኮ ነው፣ ቨርዲ! አገር ምድሩ አየው! ጋስኪል እንግዲህ የአይጥ ጉድጓድ ይፈልግ!»

«ፎቶውን ማን ሰጣቸው?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን ይሰጣቸዋል? ምነው፣ ከፋሽ እንዴ?»

«ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«አንቺን መቼ ጠይቆሽ የሚያውቅ አለ? ያ ሰውዬ ጠየቀሽ? ለዚህ አይደል እንዴ የምንታገለው?» አለና እየሳቀ ዘጋው። ሳቁ የድል ሳቅ ነበር። ዴሾን ከሞተ ወዲህ ወንድሟ እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም።

ማርሎው ከድሮም የዴሞክራቶች ከተማ ናት። በግንቦቱ ቅድመ ምርጫ የፓርቲው እጩ ለሆነ ሰው የኅዳሩ ምርጫ ለወግ ያህል ነው። ስለዚህ ጠቡም ስድቡም የሚያልቀው በግንቦት ነው። በዚያ ዓመት በወንዙ ዳር ሰፈሮች ያለ ፖስተር የቀረ አጥር አልነበረም። ባልና ሚስት በረንዳቸውን ለሁለት ከፍለው፣ እሱ የጋስኪልን እሷ የክራውዝን የሰቀሉበት ቤት ሁሉ ነበር። ከባቡር ጥገና ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ሉሺየስ፣ የክራውዝን ቲሸርት ለብሶ ከበር በር ሲያንኳኳ ይውል ነበር። «እህቴን እንደ ሰው አልቆጠሯትም» እያለ።

እንዳልጠየቋት ለወንድሟ የነገረችው ራሷ ቨርዴል ናት። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

ዴሾንን በጥይት የመታው ጃቫን የሚባል የሰፈር ልጅ ነው። በመኪና የተነሳ ጠብ ነበር፤ ከስድብ ተጀምሮ በሽጉጥ አለቀ። ጃቫን ሲተኩስ መኪናው ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችው ታሜካ ናት፤ የሉሺየስ አንድ ልጁ። ከጃቫን ጋር በድብቅ ትገናኝ ነበር። አባቷ ይህን አያውቅም። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ፀጉሯን እየጎነጎነ፣ ልብሷን እየተኮሰ ብቻውን ያሳደጋት፣ ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁ የሚለዝብ አባት ነው። ታሜካ ያየችውን ለዓቃቤ ሕግ ተናገረች፤ ከዚያ ሮጣ አክስቷ ቤት መጥታ ወለሉ ላይ ተደፋች።

ጋስኪል ራሱ የቨርዴል ሳሎን ድረስ መጣ። ችሎት ከተቀመጠ ልጅቷ ከመመስከር በቀር መውጫ እንደሌላት፣ የጃቫን ጠበቃም ከሰው ፊት አቁሞ እንደሚያብጠለጥላት ነገራት። ጃቫን ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱ ከተቀነሰለት ግን ምስክር አያስፈልግም። ቨርዴል አንድ ሌሊት ሙሉ ክፍል ለክፍል ስትዞር አድራ ጠዋት እሺ አለች። ልጇ ሞቷል፤ የወንድሟን ልጅ ደግሞ በቁሟ ልትቀብራት አልፈለገችም። የታሜካ ስም እንዳይነሳ ጋስኪልን ቃል አስገባችው። ሉሺየስ «ጠይቀውሽ ነበር?» ሲላት «ማንም አልጠየቀኝም» ብላ ተገላገለች።

ያቺ ቃል ናት አሁን ቴሌቪዥን ላይ የወጣችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቨርዴል መቀመጥ አቃታት። አውቶቡሷ ላይ አንድ ፌርማታ አልፋ ሄዳ ልጆቹ «ሚስ ቨርዴል! ሚስ ቨርዴል!» ብለው ጮኹባት። ገበያ ስትገባ የማታውቃቸው ሴቶች እያቀፉ «አይዞሽ፣ እናሳያቸዋለን» ይሏታል። ቤቷ ስትገባ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች፤ ጎረቤት ቤት የተከፈተው ግን በግድግዳው በኩል ይሰማታል። ሬዲዮ ላይ ጋስኪልን ስለ ዴሾን ሲጠይቁት «በዚህ ጉዳይ ላይ የምለው የለኝም» ብሎ ዝም አለ። ጥፋተኛ ስለሆነ ነው አለ ሰዉ ሁሉ።

በሳምንቱ ፍርድ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ወዳለው የጋስኪል ቢሮ ሄደች። ጋስኪል ፊቱ የማይፈታ፣ ረጅም ራሰ በራ ነው። ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ።

«ወይዘሮ ማብሪ፣ እዚህ ጋዜጠኛ ካየዎት ሌላ ወሬ ይፈጠራል።»

«ይፈጠር። ሰው እንዲህ እየሰደበዎት ለምን ዝም ይላሉ?»

«ቃል ገብቼልዎት የለ።»

«ምርጫውን ሊሸነፉ ነው እኮ።»

«ይመስለኛል።» መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ጻድቅ አያድርጉኝ። ሬዲዮው ላይ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ውሃ ጠጥቼበት ነው የዋጥኩት። የቅስቀሳ ሰዎቼ ቢያውቁ ኖሮ እስካሁን አደባባይ ወጥቶ ነበር።»

«እኔ እርስዎን እንደማልወድዎት ይወቁት» አለች ቨርዴል። «የጎረቤቴን ልጅ በአንዲት ብስክሌት ስርቆት ዓመት አሳስረውታል።»

«አውቃለሁ። አጥፍቻለሁ።»

«ይህንን ለእናቱ ነግረዋታል?»

ጋስኪል መነጽሩን መልሶ አደረገ። ቨርዴል ተሰናብታው ወጣች። ይህ ሰው ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! እያለች ደረጃውን ወረደች።

ታሜካ ኮለምበስ ሄዳ ነርስነት እየተማረች ነው። ቨርዴል መኪናዋ ውስጥ ሆና ደወለችላት።

«ማስታወቂያውን አየሽው?»

«ሰዎች ላኩልኝ። አክስቴ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪው።»

«የኔን እናገራለሁ። ያንቺን አልናገርም።»

«አንቺ ከተናገርሽ ለምን ብሎ ይጠይቅሻላ።»

«ይጠይቀኛል።»

«ምን ልትዪው ነው?»

«እኔ እንጃ፣ የኔ ልጅ። ብቻ የዴሾንን ፎቶ ውሸት አሸክሜው መኖር አልቻልኩም።»

ታሜካ ማልቀስ ጀመረች። ቨርዴል እንደ ሕፃን እሹሩሩ ማለት ቃጥቷት እስክትጨርስ አዳመጠቻት።

ምርጫው ማክሰኞ ነበር። ቅዳሜ በቀትር፣ በፓስተር ዊግፎል ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ሁለቱ እጩዎች ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ቀረቡ። የተጠበሰ ዓሣና የድንች ሰላጣ ነበር፤ ሰዉ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይከራከራል። ቨርዴል ከሉሺየስ ጎን ተቀመጠች። እግሯ አላርፍ ብሎ ወለሉን ይመታል።

«ምን ሆነሻል? ሽንት ቤት መሄድ ፈለግሽ እንዴ?» አላት ሉሺየስ።

«ዝም በል አንተ።»

ሬጂና ክራውዝ ቀድሞ እዚያው ዓቃቤ ሕግ ቢሮ የሠራች፣ ፈጣን፣ ሰው ስታናግር ዓይን ዓይን የምታይ ሴት ናት። ብዙ የተናገረችው እውነት ነበር፤ ዋስ አጥተው ስለሚማቅቁ ሰዎች፣ ዓመታት ስለሚጓተቱ ክሶች። ሰዉ «ልክ ነሽ!» እያለ ያጅባታል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የዴሾን እናት እዚህ መካከላችን አሉ። ወይዘሮ ማብሪ፣ እባክዎን ይነሱልን።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሉሺየስ ክርኗን ይዞ አነሳት። ቨርዴል ቆመች፤ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ሲያልቅ ግን አልተቀመጠችም።

«ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ» አለች። «ግን የተባለው ልክ አይደለም። ጠይቀውኛል።»

ኋላ የተቀመጡት አልሰሟትም። «ምን አለች?» ተባባሉ።

«ጠይቀውኛል!» አለች ጮክ ብላ። «ሚስተር ጋስኪል ቤቴ ድረስ መጥቶ ጠይቆኛል። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም ብዬ ወንድሜን የዋሸሁትም እኔው ነኝ። እሱ የነገርኩትን ነው የተናገረው። ወይዘሮ ክራውዝም የሰማችውን ነው ያወራችው። ውሸቱ የኔ ነው። አሁን የልጄን ፎቶ አውርዱልኝ።»

አንዱ ከጥግ «ጋስኪል ምን ቃል ገባልሽ?» ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ዞራ «አፍህን ዝጋ! ልጁን የወለደችው እሷ ናት!» አለችው። ጫጫታው ተነሳ። የክራውዝ ረዳት ከጎኗ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሊላት ሲል በእጇ ገፋ አደረገችው።

«ማስታወቂያው ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ይነሳል» አለች በማይክሮፎኑ። «ወይዘሮ ማብሪ፣ ራሴ መጥቼ ልጠይቅዎት ይገባኝ ነበር።»

ጋስኪል ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም።

ሉሺየስ ቀድሟት ወጥቷል። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ የክራውዝን ቲሸርት በእጁ ጨብጦ ከደረቱ እየጎተተ ጠበቃት።

«ለምን?»

«ደክሞኝ ነበር።»

«ማን ያልደከመው አለ? እኔ ከአንድ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አልቀረሁም! ያንን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያየሁ የተቀመጥኩት ለማን ብዬ ነበር?»

«አውቃለሁ፣ ሉሺየስ።»

«ሌላ ነገር አለ። አንቺ ደከመኝ ብለሽ እሺ የምትዪ ሴት አይደለሽም። እናታችን የወለደቻት ቨርዴል አይደለሽም እንዴ? ንገሪኝ!»

ቨርዴል አፏን ከፍታ ዘጋችው። «ሌላ ነገር የለም።»

«እንግዲያው ዴሾንን ጃቫን ገደለው፣ አንቺ ደግሞ ቀበርሽው» አለና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፈችው አታውቅም። ሰኞ የአውቶቡስ ጣቢያው ሠራተኞች ከሁለት ተከፍለው ጠበቋት፤ ግማሹ ሰላም አላላትም፣ ግማሹ ደግሞ ያለ ወትሮው አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። የትኛው እንደባሰባት አታውቅም። ማክሰኞ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ስለ ብስክሌቱ ልጅ አሰበች፤ ክራውዝ ስለ ዋስ የተናገረችውንም አሰበች። አስተናባሪዋ «እመቤቴ፣ ችግር አለ?» ስትላት ነው የነቃችው። ከጋስኪል ስም ጎን ያለውን ክብ አጥቁራ መረጠችው። ስትወጣ ይቀልለኛል ያለችው ነገር አልቀለላትም።

ውጤቱ ቶሎ አልታወቀም። ልዩነቱ የፀጉር ያህል ሆነና በፖስታ የተላከው ድምፅ መቆጠር ነበረበት። አንድ ቀን ጋስኪል መራ፣ በማግስቱ ክራውዝ መራች፤ የጋስኪል ጠበቆች አቤቱታ አስገቡ፣ የክራውዝ ደጋፊዎች ቆጣሪዎቹ ያሉበትን ሕንፃ ከበው ዘመሩ። ቨርዴል አውቶቡሷን እየነዳች ሬዲዮውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች። ሉሺየስ ስልክ አያነሳም። ዓርብ ቀትር ላይ ተነገረ፦ ክራውዝ በጥቂት ድምፅ አሸነፈች። ጋስኪል ወጥቶ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ስለ ዴሾን ጉዳይ ጋዜጠኞች ሲጠይቁት «እናቱ ተናግራለች፤ እኔ የምጨምረው የለኝም» አለና ገባ።

ቨርዴል ኩሽናዋ ውስጥ ቆማ፣ ቀደም ብዬ ብናገር ያሸንፍ ነበር ይሆን? ብላ ራሷን ጠየቀች።

እሑድ ከሰዓት በሯ ተንኳኳ። ሉሺየስ ነበር። ያለ ኮፍያ፣ ያለ ክራውዝ ቲሸርት፣ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ። ግባ ስትለው አልገባም።

«ታሜካ መጥታለች» አለ። «ያንቺን ንግግር በስልክ ልከውላት አየችው። ትናንት መጣች። ነገረችኝ።»

ቨርዴል የበሩን መቃን ያዘች።

«ሁሉንም ነገረችኝ» አለ። «እኔ ደግሞ ጮህኩባት። ከቤት ውጪልኝ አልኳት፣ ቨርዲ። የራሴን ልጅ። ከዚያ ጃኬቷን ስትለብስ ሳያት ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ መነሳት አቃተኝ።» አፍንጫውን በመዳፉ ጠረገ። «ለምን ብቻሽን ተሸከምሽው?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

አሰበ። «ትናንት ያደረግኩትን።»

«እና?»

«እናማ» አለና ወደ መንገዱ ዞረ። መኪናው ዳር ቆሟል፤ ከፊተኛው ወንበር ታሜካ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። «አልወርድም አለችኝ። አንቺን ማየት ፈራች። እኔም ምን እንደምላት አላውቅም። መኪናው ውስጥ ሙሉውን መንገድ ስለ ጎማ ነው ያወራሁት። ስለ ጎማ!»

ቨርዴል ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ወንድሟን ገፋ አድርጋ በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች፤ የኋላውን በር ከፍታ ገባች። ታሜካ አልዞረችም። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ቨርዴል ከኋላ እጇን ሰድዳ ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ሉሺየስ ሾፌሩ ቦታ ገብቶ ሁለቱንም በመስታወቱ አያቸው።

«ወዴት ልንዳ?» አለ።

«ዝም ብለህ ንዳ» አለችው ቨርዴል።