ሦስተኛው መስመር

ዘበኛው ማን እንደሰደበው፣ መቼ እንደሰደበው፣ የት ቆሞ እንደሰደበው አይረሳም። ይኼኛው ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ ማክሰኞ፣ የታካሚዎች ቁርስ እንደተነሳ፣ በሆስፒታሉ የአእምሮና የሱስ ሕክምና ክፍል በር ላይ። ተሳዳቢው መጠጥ አልጋ ላይ የጣለው አንድ አስተማሪ ነበር። ልውጣ ብሎ ለምኖ እምቢ ሲባል፣ በብረት ፍርግርጉ መሃል አፍንጫውን አሹልኮ፣ «አንተ እኮ ሰው አይደለህም። ቁልፍ ነህ» አለው። ነርሶቹ ሳቁ። ከስድቡ ይልቅ ሳቁ ነው የቆረቆረው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠን ሰው አስተማሪ ሲሰድበው ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚያመው።

ዘንድሮ አዲስ ሐኪም መጣችና ክፍሉን ገለባበጠችው። ፍርግርጉ ተነቀለ። ታካሚ ከአልጋ ጋር የሚታሰርበት ቀበቶ ካርቶን ውስጥ ታጭቆ መጋዘን ገባ። ይባስ ብሎ ያ አስተማሪ፣ መጠጥ ከተወ አራት ዓመቱ ነው ተብሎ፣ ባጅ አንጠልጥሎ ታካሚ ሊያጽናና ተቀጠረ።

«የትናንቱ እብድ የዛሬ ሐኪም!» አለ ዘበኛው ለጽዳት ሠራተኛዋ።

«ምናለበት? አንተስ በር ሳይኖር የበር ዘበኛ ሆነህ ደመወዝ ትበላ የለ?» አለችው መወልወያዋን እየጨመቀች።

ይህችንም በልቡ መዘገባት። ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት።

የዛሬው ግን ከሁሉም ይለያል። ታናሽ ወንድሙ ለሕክምና ሊተኛ ይመጣል። ከእንግዲህ አንድ ብርጭቆ ቢደግም ጉበቱ አይችለውም ተብሏል። እናታቸው ስትሞት «አደራህን» ብላ እጁን የያዘችው ዘበኛውን ነው። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ተገትሯል። ፍርግርጉ ባይኖር እሱ አለ። አንዴ ይግባ እንጂ፣ ሲወጣ እናያለን!

ወንድሙ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ኮሪደሩ ጫፍ ሲደርስ ዘበኛውን አየና ቆመ።

«ና እንጂ! ምን ይገትርሃል?»

ንቅንቅ የለም።

ሐኪሟ አስተማሪውን አስከትላ ከቢሮዋ ወጣች። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ» ብላ ለዘበኛው ወረቀት ሰጠችው። ከአዲሶቹ አሠራሮች አንዱ ነው፤ ታካሚው ራሱ፣ አእምሮው በተረጋጋ ሰዓት፣ ሕመሙ ሲነሳበት ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ጽፎ ይፈርማል። ወንድሙ ባለፈው ሳምንት ሞልቶታል። «አሳዩልኝ ያለን እሱ ነው። በአፌ ልነግረው አልቻልኩም ብሎ።»

ዘበኛው ፊደል በፊደል ለቀመ። አንደኛው መስመር፦ እንዳታስሩኝ። ሁለተኛው፦ አስተማሪውን ጥሩልኝ። ሦስተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ፊደሉ አልተለወጠም።

«ወንድሜ አጠገቤ እንዳይደርስ። ያሰረኝ እሱ ነው።»

ክው አለ። ጆሮው ጋለ። ከሦስት ዓመት በፊት ወንድሙ እየጮኸ ሲመጣ፣ «የባዕድ እጅ አይንካው፤ የወንድሜን እኔ አስረዋለሁ» ብሎ ነርሶቹን ገለል ያደረገ እሱ ነው። ቀበቶው እንዳይከረክረው የገዛ ሹራቡን አጣጥፎ ከሥሩ አድርጎለታል። በዕድሜው ሠራሁት ከሚለው ደግ ሥራ ሁሉ የሚበልጥበት ይኼ ነበር። ለካ ሹራቡን ያየለት የለም።

«አንተ ነህ ያስጻፍከው!» አለ አስተማሪው ላይ አፍጥጦ።

«እኔ እሱን ካወቅኩት ገና ሳምንቴ ነው» አለ አስተማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደግሞ ያን ጊዜ እዚህ በር ላይ ያልኩህ… አልረሳሁትም። ይቅር በለኝ።»

ስድስት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ቃል ይኸው መጣ፤ ሲመጣ ግን የሚቀበልበት አንጀት አጣ።

«እርስዎ እዚህ እስካሉ አይገባም» አለች ሐኪሟ። «ከተመለሰ ደግሞ የት እንደሚሄድ ያውቃሉ።»

ያውቃል። ምንም የማይከፍተውን፣ ምንም የማይዘጋውን የቁልፍ ዘለላ ከወገቡ ፈትቶ ወንበሩ ላይ አኖረና ኮሪደሩን ተያያዘው። ወንድሙ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፈው።

«ወንድም ጋሼ… ተቀየምከኝ?»

ስለ ሹራቡ ሊነግረው አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው። ከኋላው የወንድሙ ጫማ እየተጎተተ ወደ በሩ ሲያመራ ሰማ፤ ሳይዞር ደረጃውን ወረደ።