ከቁምሳጥኑ አጠገብ የቆመችው

«ዋጋ፦ ይደውሉ!» አለች ታላቅ እህት፣ ስልኳን አናጢው አፍንጫ ሥር ደቅና። «ከእህቴ ፎቶ ሥር ዋጋ ይደውሉ ይላል! ጉድ እኮ ነው! አየኸው?»

አናጢው ስልኩን ተቀብሎ አየ። የሚስቱ ፊት ነው። ታላቅ እህት ልጇን ስትድር የተነሳችው፣ ትልልቅ ጉትቻ አድርጋ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ የሳቀችበት ፎቶ። በአንድ ወገኗ ባለሦስት በር ቁምሳጥን አለ፣ በሌላው ወገኗ የጫማ መደርደሪያ፣ ከሥሯ ደግሞ የሱቃቸው ስምና ያ የተረገመ ጽሑፍ። ወደ ታች ገፋ ሲያደርገው ሌሎችም መጡ። ሰው ሁሉ ለለቅሶው የላከው ፎቶዋ በሱቃቸው ዌብሳይት ላይ ከአልጋና ከጠረጴዛ ጋር ተሰልፏል።

«እኔንጃ» አለ። ከቀብር ወዲህ አፉን የሞላው ይህቺ ቃል ብቻ ነበረች።

«እኔንጃ አይባልም! እህቴን ከጫማ መደርደሪያ ጋር ገበያ አወጣኻት እኮ! እማዬ እዚያ ሆና "የልጄን ፊት አሳዩኝ" እያለች ታለቅሳለች፣ የላክንላት ፎቶ አንዱም አልከፈት ብሏት፤ እዚህ ደግሞ ላገር ምድሩ በነፃ ይታያል!»

ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ቀጥ አለ። ለቅሶ ደራሾቹ የተቀመጡት ገና ቫርኒሽ ባልነካቸው ወንበሮች ላይ ነው። አናጢ ቤት ለቅሶ የመጣ ሰው የመቀመጫ ችግር የለበትም፤ ያልተሸጠው ሁሉ ተደርድሮለታል። ጥግ የያዙት ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡት ሹፌር፣ የቡና ስኒያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው «ምንድነው? ምን ተፈጠረ?» አሉ። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ማንም ቶሎ አይመልስላቸውም፤ አሁንም አልመለሰላቸውም።

የተፈጠረው ይህ ነው። በቀብሩ ማግስት ታላቅ እህት «ሰው ሁሉ ፎቶዋን እየላከልኝ ስልኬ ሞላ፣ የት ላጠራቅመው?» ብላ ጠየቀች። አናጢው ያን ቀን ስሙን ቢጠይቁት እንኳ ቆም ብሎ ነው የሚመልሰው። «ላፕቶፗ ላይ ፎቶ የምታስቀምጥበት ፎልደር አለ፣ እዚያ ጨምሪው እትዬ» አላት። እሷም ጨመረችው። እዚያ ፎልደር ውስጥ የገባ ፎቶ ምን እንደሚሆን ሁለቱም አያውቁም ነበር። የምታውቀው ሞታለች።

ነገሩን የፈታው የቢሮ ባልደረባዋ ነው፤ ከእሷ ጋር ዌብሳይት ሲሠራ የኖረ፣ ሲናገር ጥፋቱ ሁሉ የእሱ የሚመስል ድምፀ ቀጭን ሰው።

«ፕሮግራም ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሚዛን ነች የሠራችው። ፎልደሩ ውስጥ ፎቶ ሲገባ ራሱ ያነሳዋል፣ መጠኑን ያሳንሳል፣ ያቀልለዋል፣ ከዚያ ከሥሩ ዋጋ ይደውሉ ብሎ ገጹ ላይ ያወጣዋል። ዕቃ ይሁን ሰው አይለይም።»

«ሚዛን ደግሞ ማናት?» አለች ታላቅ እህት።

ባልደረባው ደነገጠ። «ይቅርታ። ቢሮ ውስጥ እንደዚያ ነበር የምንጠራት።»

ቢሮው ውስጥ ፎቶ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ስንት ይመዝናል?» የሚለውን ጥያቄዋን ነበር። ደንበኛው የሕንፃውን ፎቶ ያመጣል፣ ግድግዳ የሚያክለውን። እሷ ታየውና «ይሄን ተሸክሞ ማን ስልክ ውስጥ ይገባል?» ትላለች። ገጹ እስኪከፈት የጠበቀ ሰው ይሰለቻል፣ ጥሎ ይሄዳል፤ እልኋ ከዚህ ጋር ነበር። የፎቶውን መልክ ሳትነካ ክብደቱን ብቻ ታራግፈዋለች። ባልደረቦቿ ሚዛን ሲሏት እየሳቀች አቤት ትል ነበር። አናጢው ይህን ስም መስማቱ ዛሬ ገና ነው። የገዛ ሚስቱን ስም ከእንግዳ አፍ መስማቱ ከፋው። ግን መከፋትም ጉልበት ይፈልጋል፤ ተወው።

እነሱ ቤት ያ ሚዛን የጠብ ምንጭ ነበር። አናጢው የእንጨቱ ጅማት ይታይልኝ ባይ ነው። ክንዱ እስኪዝል በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰው ጠረጴዛ ገጹ ላይ ሲወጣ ቡኒ ነገር ብቻ ሆኖ ያገኘዋል።

«ይሄ እንጨት ይሁን ኮምፖንሳቶ ማን ይለየዋል?» ይላታል።

«የፈለገ መጥቶ ይዳስሰው። ያልተከፈተለት ሰው ግን መቼም አይመጣም።»

«ትንሽ ብቻ አጥሪው፣ በእናትሽ።»

«በእናቴ አትበለኝ!» ትላለች እየሳቀች። «ሰው ሁሉ ጥሩ ስልክና ጥሩ ኔትወርክ ያለው መሰለህ?»

ሌላም አመል ነበራት። ዕቃ ፎቶ ሲነሳ አጠገቡ ካልቆምኩ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። ቁምሳጥን ከሆነ በሩን ይዛ፣ አልጋ ከሆነ ራስጌው ላይ ክንዷን አሳርፋ። «ቁመቱን ሰው በእኔ ይለካው» ትላለች። «ሜትር አለ እኮ፣ ቁጥሩን ጻፊው» ሲላት፣ «ቁጥር ማን ያነባል!» ብላ ፀጉሯን አስተካክላ ትመጣለች። አንዴማ ለአንዲት በርጩማ ስትል ቀሚስ ቀይራለች። ለበርጩማ! እሱ አቧራ በጠገበ እጁ ስልኩን ይዞ «እሺ፣ በቃ፣ ቶሎ በይ» ይላል። እሷ ግን ቀጥ ብላ እያየች ረዘም አድርጋ ትስቃለች። ገዢን እንዲህ ብሎ የሚያይ ሻጭ የለም። አናጢው ይህን ልብ ማለት ነበረበት፤ አላለም።

የመጨረሻውን ባለሦስት በር ቁምሳጥን ሲያነሱ በሽታው ጎድቷት ነበር። ያን ቀን በሩን የያዘችው እንዳትወድቅ ነው።

«ሁሉንም አጥፋው» አለች ታላቅ እህት ባልደረባውን። «ባለጉትቻውን ፎቶ ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ አለች እኮ!»

«እውነቷን ነው» አሉ ከወደ በሩ የተቀመጡ ሴት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሞተች ሴት የተደገፈችውን አልጋ ማን ገዝቶ ይተኛበታል?»

ባልደረባው ላፕቶፑን ከፍቶ አናጢውን አየው። «ላጥፋው?»

አናጢው ደክሞታል። ሰው «እግዜር ያጽናህ» ባለው ቁጥር «አሜን» ማለት ራሱ አድክሞታል። «አጥፋው» አለ።

ባልደረባው አጠፋው። ታላቅ እህት ስልኳን አይታ፣ ባዶ ገጽ ሲመጣላት «እፎይ» አለች። ቡና ከፔርሙዙ እንደገና ተቀዳ፣ ሹክሹክታውም ተመለሰ። ጡረተኛው ሹፌር «ታዲያ ጠፋ የተባለው ምንድነው?» ብለው ጠየቁ።

ብዙም ሳይቆይ የአናጢው ስልክ ጮኸ። አማቱ ናቸው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም፤ ሩቅ ነው ያሉት፣ የልጃቸውን ቀብርም አላዩም።

«እማማ፣ ደህና ዋሉ?»

«ልጄን ማን አነሳት?» አሉ።

ስለ ሞቷ የሚጠይቁት መሰለው።

«አሁን እኮ እያየኋት ነበር! ቁምሳጥኑን ይዛ ቆማ። ዓይኔን ልጥረግ ብዬ ዘጋ አድርጌ ብከፍተው ባዶ ነው። ስልኬ ነው የተበላሸው ወይስ ምንድነው?»

አናጢው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ድምፁን ለሁሉም ከፈተው። «እማማ... የሱቁን ገጽ ያዩታል እንዴ?»

«ምን ማለትህ ነው? በየቀኑ ነዋ! እናንተ የምትልኩት መቼ ይከፈትልኛል? ይዞራል፣ ይዞራል፣ እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል። እሷ ናት፣ "እማዬ፣ አቅልዬ አስቀምጥልሻለሁ፣ ሱቁን ክፈቺው፣ እዚያ አለሁልሽ" ያለችኝ። ይኸው ስከፍተው ትመጣለች። መጀመሪያ ድብዝዝ ትላለች፣ ከዚያ ጥርት። አዲስ ዕቃ በወጣ ቁጥር ወፍራለች፣ ከስታለች ብዬ አያለሁ። አንተ "ደህና ናት እማማ" ስትለኝ፣ እኔ አይቼ ነበር። በሩን የያዘችበት አያያዝ የጤነኛ አልነበረም። እንዳታፍርብኝ ብዬ ዝም አልኩህ እንጂ።»

አናጢው ከቀብሩ ወዲህ ሰው ፊት አላለቀሰም ነበር። አሁን አለቀሰ፣ ያውም እንደ ሕፃን፣ ትከሻው እየተናጠ።

«ዛሬ ደግሞ ጉትቻ አድርጋ ብቅ አለችልኝ» አሉ አሮጊቷ። «ጎረቤቴ ከሥሯ ያለውን አነበበችልኝ። ዋጋ ይደውሉ! ሳቅን እኮ! እግዜር ይቅር ይበለን፣ በለቅሶ መሀል ሳቅን። እና ማን አነሳት?»

ታላቅ እህት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ቆይታ ወደ ባልደረባው ዞረች።

«መልሰው» አለች።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም! መልሰው ብዬሃለሁ፣ ምን ታየኛለህ? ያቺን ጽሑፍ ብቻ ከፊቷ ላይ አንሳልኝ።»

ባልደረባው ጣቱ እየተደናቀፈ መለሰው። ሳሎኑ ውስጥ ስኒ እንኳ አልተንኳኳም። ከስልኩ የአሮጊቷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ቆይ... ድብዝዝ አለ... ቆይ...» አሉ። «መጣች። ይኸው መጣች፣ የእኔ እናት።»

ሹፌሩ ይህቺን ሰሙ። ምንም ሳይጠይቁ መሀረባቸውን አወጡ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለቅሶ ደራሽ ገና ሳይመጣ፣ ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው።

«ባለሦስት በሩ ቁምሳጥን አለ? ሴትየዋ አጠገቡ የቆመችው?»

አናጢው ቁምሳጥኑን አየው። ሳሎኑ ጥግ ቆሟል፤ የእንግዶች ካፖርት ተሰቅሎበታል። ሥራ መጀመር እንዳለበት ያውቃል። ከሰሞኑ የተኛ መጋዝ ዘላለም አይተኛም።

«አለ» አለ።

«ደስ ብሎኛል፣ ልክ እሷን የሚያክል ነው የምፈልገው። ከሰዓት መኪና ይዤ እመጣለሁ። ግን አሁኑኑ ከገጹ አውርደውልኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ።»

«ቁምሳጥኑን መጥተው ይውሰዱት። ፎቶው አይወርድም።»

«እንዴ! ከተሸጠ በኋላ ምን ያደርግልሃል?»

«እናቷ እያዩዋት ነው» አለ አናጢው።

ስልኩንም ዘጋ። ከዚያ አንዱ ጥሬ ወንበር ላይ ተቀመጠና ዕቃ ለማየት እንጂ እሷን ለማየት ከፍቶት የማያውቀውን ገጽ ከፈተ። መጀመሪያ ድብዝዝ አለች። ጥርት እስክትል ጠበቃት።